ጥርስ ከማስነቀላችሁ በፊት ቀን ቁጠሩ፦ ለከባድ የኢምፕላንት ሥራ ጊዜ አወጣጥ

ጥርሳችሁን ገና አላስነቀላችሁም? እንግዲያውስ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ አታስነቅሉ። ፊታችሁ ካበጠ፣ ትኩሳት ካላችሁ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃታችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ ማታም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂዱ። የሚነቃነቅ፣ የተሰነጠቀ ወይም "ይሄ ከእንግዲህ አይድንም" የተባለ ጥርስ ይዛችሁ የምትመላለሱ ከሆነ ግን ጥቂት ጊዜ አላችሁ። በዚያች ጊዜ የምትወስኑት ነገር ቀጣዩን አንድ ዓመት ይወስናል። ኢምፕላንት ማለት በወጣ ጥርስ ፋንታ አጥንት ውስጥ የሚተከል፣ በላዩ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚቆምበት ብሎን ነው።

ብዙ ሰው የሚሄደው ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ያስነቅላል። ቁስሉ ይድናል፣ ኑሮ ይቀጥላል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ገንዘብ ሲገኝ "ኢምፕላንት ላስተክል" ብሎ ይመጣል። ያኔ አጥንቱ ሟሙቷል። ሲነቀል ታስቦበት ቢሆን በአንድ ቀዶ ሕክምና ያልቅ የነበረው ሥራ አጥንት መሙላት፣ ወራት መጠበቅ፣ እንደገና መከፈት ይመጣበታል። ደጋግሜ የማየው ነገር ስለሆነና መከላከል ስለሚቻል ነው ይህን የምጽፈው።

አጥንቱ የት ይሄዳል?

ጥርስን አቅፎ የያዘው አጥንት የሚኖረው ጥርሱ እስካለ ድረስ ነው። ጥርሱ ሲወጣ ሰውነት ያንን አጥንት ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ስፋቱ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ከሚጠፋው ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። "ቆይቶ ይታያል" የሚለው ነገር የሚጎዳው ለዚህ ነው።

የፊት ጥርስ ላይ ይብሳል። በከንፈር በኩል ያለው የአጥንት ግድግዳ በአብዛኛው ሰው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ። ሲነቀል በጉልበት ከተወዘወዘ ከጥርሱ ጋር ተሰብሮ ይወጣል። ስለዚህ የፊት ጥርስ የምታስነቅሉ ከሆነ ሐኪሙን በቀጥታ ጠይቁት፦ "በኋላ ኢምፕላንት ማስተከል እፈልጋለሁ፤ ግድግዳውን ሳይነካ ሊወጣ ይችላል?" ይህን የሰማ ሐኪም ጊዜ ወስዶ፣ ሥሩን ቆራርጦም ቢሆን በቀስታ ያወጣዋል።

አንድ በሰፊው የሚወራ ነገርም አለ፦ "ጥርሱ በተነቀለበት ዕለት ኢምፕላንት ከገባ አጥንቱ አይጠፋም" የሚል። ስህተት ነው። ኢምፕላንቱ ቢገባም ባይገባም ያ ስስ ግድግዳ ይሳሳል። ለዚህም ነው ጥሩ ሐኪም በኢምፕላንቱና በግድግዳው መካከል የሚቀረውን ክፍተት በአጥንት ዱቄት የሚሞላው። ወዲያው መትከል ለእናንተ ካልሆነ ደግሞ፣ በተለይ ኢምፕላንቱ ብዙ ወራት የሚዘገይ ከሆነ፣ ጉድጓዱን በዚያው በተነቀለበት ቀን ማስሞላት ይቻላል። ያኔ ከ4 እስከ 6 ወር ትጠብቃላችሁ፣ ግን ብዙ አጥንት ይተርፍላችኋል። ተጨማሪ ወጪ ነው፤ በኋላ ከሚመጣው ትልቅ ሥራ ጋር ሲተያይ ግን ትንሽ ነው።

መቼ ይተከል?

ባለሙያዎች አራት ጊዜያት አሏቸው፦ በተነቀለበት ዕለት፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ወይም ከ6 ወር በኋላ።

በዕለቱ መትከል ሁሉም ሰው የሚፈልገው ነው። የሚሳካውም የከንፈር በኩሉ ግድግዳ ሙሉ ሲሆን፣ ትኩስ መግል ሳይኖር ሲቀር፣ ድዱ ወፈር ያለ ሲሆንና ከሥሩ ጫፍ ባሻገር ኢምፕላንቱ የሚነክሰው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር አጥንት ሲገኝ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሐኪሙን አትጫኑት። የፊት ጥርስ ላይ ቸኩሎ የተተከለ ኢምፕላንት ወዲያው ያምራል፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ድዱ ወደ ላይ ሸሽቶ ጥርሱ ረዝሞ ይታያል፣ ግራጫ ነገርም ብቅ ይላል። ያንን ማስተካከል ከመጀመሪያው ሥራ ይከብዳል።

ለከባድ የፊት ጥርስ ሥራ እኔ የምመርጠው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ያለውን ነው። ድዱ ጉድጓዱን ሸፍኗል፣ መግሉ ደርቋል፣ አጥንቱ ደግሞ ገና ብዙ አልሄደም። ሐኪሙ በቂ ድድ ስላለው ከፍቶ፣ ኢምፕላንቱን አስገብቶ፣ የጎደለውን ግድግዳ ሞልቶ በደንብ ሊሰፋው ይችላል። መግል የያዘ፣ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) ተሠርቶለት ደጋግሞ ያበጠ፣ ድዱ ላይ ብጉር የምትመስል ቀዳዳ የወጣችበት ጥርስ ካላችሁ "ስድስት ሳምንት እንጠብቅ" ሲባል አትከፉ።

ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያለው ለመንጋጋ ጥርስ ይስማማል፤ የመንጋጋ ጉድጓድ ሰፊ ስለሆነ ከታች የተወሰነ አጥንት እስኪሞላ መጠበቁ ያዋጣል። ከ6 ወር በኋላ የሚመጣው ደግሞ በምርጫ የሚደረስበት መሆን አለበት። ጉድጓዱ ከተሞላ፣ ታካሚው ገና ልጅ ከሆነ ወይም ሕመም ካለ ምክንያት አለው። "ረስቼው" ግን ምክንያት አይሆንም።

ተተከለ ማለት ይታኘክበታል ማለት አይደለም

ኢምፕላንት የቲታኒየም ብሎን ነው። ስዊድናዊው ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ አጥንት ከቲታኒየም ጋር ተጣብቆ እንደሚያድግ ደረሰበት፣ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተከለ። ያኔ ለታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ ለላይኛው 6 ወር ይጠበቅ ነበር። የዛሬ ኢምፕላንቶች ገጻቸው ሻካራ ተደርጎ ስለሚሠራ በጥሩ አጥንት ላይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊበቃ ይችላል። አጥንት የተሞላበት፣ ለስላሳ የላይኛው መንጋጋ፣ ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ግን የድሮውን ቁጥር ብትይዙ ይሻላል።

እዚህ ላይ ማንም የማይነግራችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኢምፕላንቱ በገባ ዕለት ጠንካራ ነው፣ ብሎኑ አጥንቱን ነክሶ ይዞታል። ከዚያ ሰውነት የተጨፈለቀውን አሮጌ አጥንት ማንሳት ይጀምራል፣ አዲሱ ደግሞ ገና አልደረሰም። ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት አካባቢ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ደካማ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ክፋቱ ያኔ ሕመሙ ጠፍቷል፣ እብጠቱ ሄዷል፣ ሰው ተረስቶት ቆሎ ይቆረጥማል። ስለዚህ የስልካችሁ ካላንደር ላይ እነዚህን ሁለት ሳምንታት በቀይ ምልክት አድርጉ፦ ቆሎ፣ ቁርጥ፣ ደረቅ ዳቦ፣ አጥንት መጋጥ የለም።

"በአንድ ቀን ጥርስ" የሚለው ማስታወቂያ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ኢምፕላንቱ ሲጠብቅ ቢያንስ 35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ያህል ከያዘና ጊዜያዊው ጥርስ ከተቃራኒው ጥርስ ጋር እንዳይነካካ ከተደረገ በዕለቱ ጥርስ ማሠራት ይቻላል። ግን ያ ጥርስ ለመልክ ነው። ጥርስ የምታፋጩ ከሆነ፣ ባለቤታችሁ "ሌሊት ጥርስህን ስትፈጭ ታስነሣኛለህ" የምትል ከሆነ፣ እሱን ተዉት። ሥራው ሲያልቅም የሌሊት መከላከያ ማሠራት አትርሱ።

የላይኛው መንጋጋ ጥርስ፦ ረጅሙ መንገድ

ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶች በላይ ሳይነስ የሚባል ባዶ ክፍል አለ። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ሳይነሱ ወደ ታች ይሰፋል፣ አጥንቱ ከታችም ከላይም ይጠባል። በዓመታት ውስጥ የቀረው አጥንት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የተለመደ ኢምፕላንት ርዝመቱ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጠብቁ ሲባል የሚጠበቀው ይህ ልዩነት እስኪሞላ ነው።

የቀረው አጥንት 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይነሱን ማንሳትና ኢምፕላንት መትከል በአብዛኛው በአንድ ቀን ይሆናል። ከ4 በታች ሲሆን ብዙ ጊዜ ይከፈላል፦ መጀመሪያ በጎን በኩል መስኮት ተከፍቶ ይሞላል፣ ከ6 እስከ 9 ወር ይጠበቃል፣ ይተከላል፣ እንደገና ከ4 እስከ 6 ወር። ደምሩት፣ ዓመት ያልፋል። 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ካላችሁ ግን "አጭር ኢምፕላንት ይሆነኛል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከትልቅ ቀዶ ሕክምና ሊያድናችሁ ይችላል።

ሳይነሳችሁ የሚታመም ከሆነ፣ አፍንጫችሁ ሁልጊዜ የሚዘጋ፣ ጉንጫችሁ ሥር የሚከብዳችሁ ከሆነ መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም ይይላችሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ ለሁለት ሦስት ሳምንት አፍንጫ በኃይል መናፈጥ የለም፣ ማስነጠስም አፍ ተከፍቶ ነው። አውሮፕላንም ነገር አለው፤ ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆዩ ይላሉ። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

የታችኛው መንጋጋ ላይ ፍራቻው ነርቭ ነው። ከኢምፕላንቱ ጫፍ እስከ ነርቩ ቦይ ድረስ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት መቅረት አለበት። ይህ በተራ ኤክስሬይ በትክክል አይለካም፣ ሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው ሲቢሲቲ ያስፈልጋል። በከባድ ሥራ ላይ ሲቢሲቲ ሳያይ ልትከልላችሁ የሚል ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ። ከተተከለም በኋላ የማደንዘዣው ሰዓት አልፎ ከንፈራችሁና አገጫችሁ እንደደነዘዘ ከቀረ "ነገ ይሻለኛል" አትበሉ፤ በዚያው ቀን ደውሉ። ነርቭ የተጫነ ኢምፕላንት ቶሎ ከወጣ የመዳን ዕድሉ ይጨምራል።

ቀኑን የሚያስቀይሩ የጤና ጉዳዮች

ስኳር ካለባችሁ ጠዋት የምትለኩት ቁጥር አይበቃም። የሦስት ወር አማካዩን፣ ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ የሚባለውን ተመርመሩ። ከ7 በታች ከሆነ ብዙ ሐኪም ያለ ሐሳብ ይሠራል፤ ከ8 በላይ ከሆነ በአብዛኛው ይዘገያል። ለማስተካከል ወራት ስለሚፈልግ ምርመራውን መጀመሪያ አድርጉት፣ ከኤክስሬዩም በፊት።

የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይ ለእናቶቻችን፣ ይህን አደራ እላለሁ። በሳምንት አንዴ የሚዋጠው አሌንድሮኔት፣ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ በየ6 ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብ የመንጋጋ አጥንት በደንብ እንዳይድን ሊያደርጉ ይችላሉ። ለካንሰር በከፍተኛ መጠን የሚሰጡ ከሆነ ኢምፕላንት አይመከርም። ለአጥንት መሳሳት ብቻ ከሆነ ከመድኃኒቱ ሐኪም ጋር ተነጋግሮ ሊሠራ ይችላል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ ዴኖሱማብን ድንገት ያቋረጠ ሰው የአከርካሪ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። ችግሩ ብዙ እናቶች "የአጥንት መርፌ" ከማለት በቀር ስሙን አያውቁም። ካርዱን ወይም ማሸጊያውን ይዛችሁላቸው ሂዱ።

ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ በቅርቡ የመታው ሰው 6 ወር ያህል ይጠብቃል። ደም ማቅጠኛም ያለ ልብ ሐኪሙ ፈቃድ አይቆምም። ነፍሰ ጡር እስክትወልድ ትቆይ። መንጋጋው ላይ ጨረር የተሰጠው ሰው የሚታይበት ቦታ ትልቅ ሆስፒታል ነው።

ሲጋራ ኢምፕላንት የመክሸፍ ዕድሉን እጥፍ አካባቢ ያደርሰዋል። ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት አቁማችሁ እስከ 8 ሳምንት ድረስ አትመለሱ። ጫትም እንደዚሁ፤ በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት የሚያዝ ቅጠል አዲስ ስፌት ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም፣ አብሮት የሚጨሰው ሲጋራም አለ።

ድዳችሁ የሚደማ፣ ጥርሶቻችሁ የሚነቃነቁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የድድ ሕክምና ጨርሱ፣ ከዚያ ወደ 3 ወር ቆይታችሁ እንደገና ታዩ። ጥርሱን የጣለው የድድ በሽታ ኢምፕላንቱንም ይጥለዋል።

ልጆች፣ እና በሕፃንነት ግግ የወጣላቸው

ኳስ ሲጫወት የፊት ጥርሱን ያጣ የ14 ዓመት ልጅ ኢምፕላንት አይተከልለትም። ጥርስ ከመንጋጋው ጋር አብሮ ያድጋል፤ ኢምፕላንት ግን ባለበት ስለሚቀር ከዓመታት በኋላ ከጎረቤቶቹ ወደ ውስጥ ሰምጦ ይታያል። ሴት ልጅ ቢያንስ 17 ወይም 18፣ ወንድ 20 ወይም 21 ዓመት እስኪሆን መጠበቅ የተለመደ ነው። ዕድሜው ብቻ አይበቃም፤ በዓመት ልዩነት የተነሱ ኤክስሬዮች እድገቱ መቆሙን ማሳየት አለባቸው። እስከዚያ ከኋላ በኩል የሚለጠፍ ብሪጅ ወይም ተነቃይ ጥርስ ይበቃዋል።

ሌላው የእኛው ጉዳይ ነው። በሕፃንነታቸው "ግግ" ተብሎ ድዳቸው የተፈለቀቀ ብዙ አዋቂዎች አሉ። ያኔ የሚወጣው ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ነው፣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ክራንቻም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። በአሜሪካም ሆነ በእስራኤል የሚኖር ሰው ይህን ለሐኪሙ ካልነገረው ሐኪሙ ጥርሱ ለምን እንደሌለ ግራ ይገባዋል፤ ንገሩት። አንዳንዴ ክራንቻው ቅርጹ ተበላሽቶ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። አንዳንዴም ጎረቤት ጥርሶች ክፍተቱን በግማሽ ዘግተውታል። በሁለት ኢምፕላንቶች መካከል 3 ሚሊ ሜትር፣ በኢምፕላንትና በጥርስ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር አጥንት ስለሚያስፈልግ፣ ቦታው ከጠበበ መጀመሪያ ጥርስ የሚያስተካክል ሐኪም በብሬስ ይከፍተዋል። ወይም ጭራሽ ይዘጋውና ኢምፕላንት ሳያስፈልግ ይቀራል። ሁለቱንም አማራጭ ስሙ።

ለሦስት ሳምንት አገር ቤት የሚመጣ ሰው

ሜሪላንድም ኑሩ ዱባይ፣ በአንድ የሦስት ሳምንት ዕረፍት ከባድ ኢምፕላንት ጀምሮ መጨረስ አይሆንም። በሁለት ጉዞ ግን ይሆናል። የላይኛው የፊት ጥርስ መግል ይዞ፣ ሊድን እንደማይችል ተነግሯችኋል እንበል። መጀመሪያ በምትኖሩበት አገር ሲቢሲቲ ተነሱና ሙሉ ፋይሉን (የታተመውን ፎቶ ሳይሆን) ለአዲስ አበባው ሐኪም ላኩ። ኅዳር 15 አካባቢ እዚያው በጥንቃቄ አስነቅሉ። በገና ሰሞን ስትደርሱ ስድስት ሳምንት ሆኗል፣ ድዱ ተዘግቷል።

ቀዶ ሕክምናውን ገና እንዳለፈ አድርጉት። ታኅሣሥ 29 ዶሮውን በልታችሁ፣ ጥር 1 ወይም 2 ተከፍቶ ኢምፕላንቱና የአጥንት ሙሌቱ ይገባል። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፣ ስለዚህ ጥምቀትን አክብራችሁ ጥር 15 ገደማ ትበራላችሁ። ሥራው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መሆኑ ግድ ነው፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ከተሠራና ስፌቱ ከተፈታ አየር ማረፊያ ላይ ነው የምታውቁት። ከዚያ ስድስት ወር። ሐምሌ ላይ ተመልሳችሁ ኢምፕላንቱ ተከፍቶ ጊዜያዊ ክራውን (ኢምፕላንቱ ላይ የሚቆመው ሰው ሠራሽ ጥርስ) ይገባል፤ ድዱ በዚያ ክራውን ዙሪያ ቅርጽ እስኪይዝ ሳምንታት ይፈልጋል። ጊዜ ካነሳችሁ የመጨረሻውን ክራውን በምትኖሩበት አገር አሠሩት።

ጾምም በዕቅዱ ይግባ። ቁስል ለመዳን ፕሮቲን ይፈልጋል፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም በባዶ ሆድ አይወሰዱም። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ከሚሠራ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ቢሆን ይቀላል። ካልሆነ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ቀድማችሁ አማክሩ፤ ሽሮውንና ምስሩንም ለስለስ አድርጋችሁ በደንብ ብሉ።

በመካከሉ የምታደርጉት ጊዜያዊ ጥርስ እንዳይዘነጋ። ተነቃይ ከሆነ ከሥሩ ተሞርዶ ድዱን እንዳይጫን ይሁን። የተሞላ አጥንት ላይ ቀን ከሌሊት የሚጫን ጥርስ ሙሌቱን ያሳሳዋል። በጎረቤት ጥርሶች ላይ የሚለጠፍ ከተቻለ እሱ ይሻላል። "ያለ ጥርስ አልወጣም" የምትሉ ሰዎች ይህን ሳትጨርሱ ቀጠሮ አትያዙ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙ ዕቅዱን በወረቀት ይጻፍላችሁ፦ የትኛው ሥራ በየትኛው ወር፣ እያንዳንዱ ስንት ያስከፍላል፣ አጥንቱ ባይዝ ቀጣዩ መንገድ ምንድን ነው። የመጨረሻው ጥርስ የት እንደሚቆም በሰም ወይም በኮምፒውተር ተሠርቶ እንዲታያችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ኢምፕላንቱ የሚገባው ጥርሱ ወደሚቆምበት ቦታ እንጂ አጥንት ወደተገኘበት መሆን የለበትም።

ኢምፕላንቱ የሚመጣበት ማሸጊያ ላይ የሚላጥ ተለጣፊ ወረቀት አለ። የአምራቹ ስም፣ የሞዴሉ ዓይነት፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የምርት ቁጥሩ እሱ ላይ ነው። አንዱ በፋይላችሁ ላይ ይለጠፍ፣ አንዱን ለራሳችሁ ውሰዱ፣ ፎቶም አንሱት። ከአምስት ዓመት በኋላ ክራውኑ ሲላላ በሌላ አገር ያለ ሐኪም መፍቻውንና ብሎኑን የሚያዝዘው ከዚያች ወረቀት ነው፤ የአንዱ አምራች ዕቃ በአብዛኛው ለሌላው አይገጥምም።